እንግዳ «ደኅና ነኝ» ሲል፦ ወላጆችን በክረምት ከተማ ስናስጎበኝ



ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ከገጠር ወጥተን አዲስ አበባ የምንኖር ልጆች ቤት ይሞላል። አንዱ ዘመድ ለሕክምና ቀጠሮ ይመጣል፤ ሌላው የልጅ ልጁን ክርስትና ለማየት፤ ሌላው ደግሞ «ሳልሞት አንድ ጊዜ ከተማውን ልየው» ብሎ። እኛም በዕረፍት ቀናችን ዣንጥላ ዘርግተን ሙዚየም፣ እንጦጦ፣ መርካቶ እያልን እናዞራቸዋለን። ይህ ትልቅ ደስታ ነው፤ ምርቃትም ያስገኛል።

ነገር ግን በክረምት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ስሆን ከማያቸው አረጋውያን መካከል «ለጥየቃ የመጡ ናቸው» የሚባሉ አይጠፉም። ብዙዎቹ አዲስ በሽታ የያዛቸው አይደሉም። የቆየ የደም ግፊት፣ የቆየ ስኳር፣ የቆየ የልብ ድካም ነው፤ በላዩ ላይ ግን ጥቂት የዝምታ ቀናት ተጨምረውበታል። ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ መድኃኒት ሳይውጡ ማደር፣ አዳልጧቸው ወድቀው «ምንም አልሆንኩም» ማለት። ያመጧቸው ልጆች የሚናገሩት ቃል ተመሳሳይ ነው፦ «ዶክተር፣ ስንጠይቃቸው እኮ ደኅና ነኝ ይሉን ነበር።»

እውነታቸውን ነው፤ ይሏቸው ነበር። በእኛ አገር አስተዳደግ እንግዳ አያስቸግርም። የቀረበለትን ይበላል፣ የተነጠፈለት ላይ ይተኛል፣ ቢጠማው ውኃ እስኪሰጡት ይጠብቃል። ልጁ ቤት እንኳ ቢሆን ያው እንግዳ ነው። ይሉኝታ መልካም ባሕርይ ነው፤ ለልብና ለኩላሊት ግን አይራራም። ስለዚህ ዛሬ ማካፈል የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እንግዳችሁ እስኪናገር አትጠብቁ፤ ፍላጎቱን ቀድማችሁ በጉዞው ዕቅድ ውስጥ አስገቡለት።

እንዴት የሚለውን ባለፈው ክረምት የራሴ ቤተሰቦች በመጡ ጊዜ ከሆነው ተነሥቼ ላጫውታችሁ። እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ። አባቴና እናቴ ከነፋስ መውጫ፣ አክስቴ ከስማዳ፣ የእናቴ ወንድም ደግሞ ከእስቴ ተሰባስበው ባሕር ዳር አንድ ሌሊት አድረው፣ ከዚያ በአውሮፕላን መጡልኝ። አባቴ አረሙን ለታናሽ ወንድሜ አደራ ብለው ነው የተነሡት። ለአብዛኞቹ አዲስ አበባ የሰው አገር ናት፤ ፎቁ፣ አሳንሰሩ፣ የመኪናው ብዛት ሁሉ አዲስ ነው።

መድኃኒቱን በዓይናችሁ እዩ

ለጉብኝት ከመውጣታችን በፊት በነበረው ምሽት ሁሉም መድኃኒታቸውን ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጡልኝ ጠየቅሁ። «ወሰዳችሁ ወይ?» አላልኩም፤ «አሳዩኝ» ነው ያልኩት። የአባቴ የግፊት መድኃኒት በልኩ ጎድሏል። ውኃ በሽንት የሚያስወጣው ክኒን ግን ከቤት ከወጡበት ቀን ጀምሮ አንድም አልተነካም። እግራቸውን ሳይ ካልሲው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሸርተት አድርጎ ምልክት ትቶበታል።

«አባዬ፣ ይኼኛውን ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

«መንገድ ላይ ሹፌሩን አቁምልኝ ልበለው? እዚህስ ከመጣሁ ወዲህ እንግዳ ሰው ሽንት ቤት የት ነው እያለ ይዞራል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሰውየው ተሳስተው አይደለም። አስበውበት፣ ክብራቸውን ጠብቀው የወሰኑት ውሳኔ ነው። ይህ ደግሞ የአባቴ ብቻ አይደለም። የሽንት መድኃኒት የታዘዘላቸው ብዙ አረጋውያን መንገድ ሲወጡ ክኒኑን ይተዋሉ፤ አለዚያም ክኒኑን እየዋጡ ውኃ መጠጣት ያቆማሉ። የመጀመሪያው ውኃ በሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀም፣ እግር እንዲያብጥ፣ ትንፋሽ እንዲያጥር ያደርጋል። ሁለተኛው ደግሞ ግፊትን ዝቅ አድርጎ ሲነሡ ያዞራል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግረን፣ ለጉብኝት በምንወጣባቸው ቀናት ክኒኑን ጠዋት ከመውሰድ ይልቅ ቤት ስንመለስ ከሰዓት በኋላ እንዲወስዱት ተስማማን። እናንተም ሰዓቱን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ያመለጠውን ለማካካስ በአንድ ጊዜ ሁለት መዋጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። እብጠቱ ከጨመረ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደት 2 ኪሎና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም ያለ ሁለትና ሦስት ትራስ መተኛት ካቃታቸው ጉብኝቱ ይቅርና ወደ ሕክምና ውሰዷቸው።

ዱላውን ቤት አታስቀሩ

የመጀመሪያው ቀን ዝናቡ ስለበረታ የመረጥነው ጣሪያ ያለውን ቦታ ነው፤ ብሔራዊ ሙዚየም። አጎቴ ድንቅነሽ ፊት ብዙ ቆሙ። የተገኘችው በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሀዳር ውስጥ መሆኑን፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚገመት ነገርኳቸው። «ምን ገደላት?» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከረጅም ዛፍ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም እንደሚል፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ግን እንዳልተቀበሉት ስነግራቸው ዱላቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አድርገው «እኛም እንዳንወድቅ ነው እንግዲህ» ብለው አሳቁን።

ቀልዱ ትልቅ ቁም ነገር አለው። በዕድሜ ለገፋ ሰው መውደቅ ቀላል አደጋ አይደለም። የዳሌ አጥንት ስብራት ሰውን ለወራት አልጋ ላይ ያውላል፤ ከአልጋው ጋር ደግሞ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ይከተላሉ። ከተማችን በክረምት ለመውደቅ የተመቸች ናት። በሴራሚክ የተነጠፈ ደጃፍ፣ የረጠበ ደረጃ፣ በውኃ የተሸፈነ ጉድጓድ አለ። ከገጠር የመጣ ሰው ጭቃ ላይ እንዴት እንደሚራመድ ከእኛ በላይ ያውቃል፤ የረጠበ ሴራሚክ ግን ጭቃ አይደለም። ሶሉ የተበላ የፕላስቲክ ጫማ እዚያ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መያዣ ያለው ሶል ያለውን ጫማ ግዙላቸው። «ከተማ ነው፣ ያሳፍራል» ብላችሁ ዱላቸውን ቤት አታስቀሩ፤ ዱላ ሦስተኛ እግር ነው። መግቢያ በር ላይ ዱላ ይቀመጥ ከተባለ ክንዳችሁን ስጧቸው። ጎርፍ የሚወርድበትን መንገድ በእግር አታሻግሯቸው፤ ሥሩ ክፍት ቱቦ ይኑር አይኑር አይታይም። ከወደቁ ደግሞ «ደኅና ነኝ» ቢሉም እግራቸው ላይ መቆም መቻላቸውን እዩ። ጭንቅላታቸውን ከመታቸው፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይያቸው።

ፍል ውኃና የስኳር ሕመምተኛ እግር

በሁለተኛው ቀን አጎቴ ፍል ውኃ መታጠብ ፈለጉ። ተገቢ ምርጫ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋን እንዲቆረቁሩ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ፍል ውኃ ነው። በዝናብ ቀን ደግሞ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

አጎቴ ግን ስኳር አለባቸው። ስኳር ለብዙ ዓመታት ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደበዝዛል። ሌላው ሰው እግሩን መልሶ የሚያወጣበትን ሙቀት የስኳር ሕመምተኛ «ደስ ይላል» ብሎ ተቀምጦበት ቆዳው ሊላጥ ይችላል። ስለዚህ ውኃውን ቀድሞ በክርኑ የለካላቸው ልጄ ነበር። ሞቅ ያለ ውኃ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲነሣ ሊያዞረው ይችላል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ቀስ ብሎ መነሣት፣ ትንሽ ተቀምጦ መቆየትና ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ማታ ላይ የአጎቴን እግር በጣቶቹ መካከል ጭምር አደረቅን፤ ቁስል ወይም ውኃ የቋጠረ ቦታ መኖሩንም አየን። በክረምት የረጠበ ካልሲ አድርጎ የዋለ የስኳር ሕመምተኛ ካለባችሁ ይህን በየማታው አድርጉ።

ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ከተማ ለከተማ ሲዞር ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ምልክቶቹ ናቸው። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ለስላሳ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳታደርጉ በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት። ከጾሙ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም እንዲያማክር አድርጉ።

እንጦጦ፣ የረጠበ ጋቢና «ብርድ መታኝ»

እንጦጦ ማርያም የሄድነው እናቴ ስለፈለገች ነው። ከላይ ስንደርስ ጉሙን፣ ባሕር ዛፉንና ነፋሱን አይታ «ይኼማ ጋይንት ነው!» አለች። ልክ ናት። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦም እንዲሁ። የእኛ ትንፋሽ ሲያጥር እሷ እየዘመረች ወጣች። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ካላችሁ ግን እዚያ አቀበት ላይ አታጣድፉት።

ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፤ ጥጥ ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ ግን ከብዶ ሙቀትን ከሰውነት ይስባል። አረጋውያን ሰውነታቸው ሙቀት ቶሎ አይሠራም፤ መብረዳቸውንም ዘግይተው ነው የሚያውቁት። ስለዚህ መኪና ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ሌላ ጋቢና ደረቅ ካልሲ ይኑራችሁ። እናቴ «አልበረደኝም» እያለች ሳለ እጇ በረዶ ሆኖ ነበር። እጇን ይዤ «እማዬ፣ እኔ በርዶኛል፤ ነይ አብረን እንልበስ» ስላት ነው የለበሰችው።

ብዙዎቻችሁ «የሳንባ ምች የሚመጣው ከብርድ ነው?» ትሉኛላችሁ። በሽታውን የሚያመጣው ብርዱ ራሱ ሳይሆን ጀርም ነው። በክረምት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ሁላችንም መስኮት ዘግተን፣ ተጠጋግተን ስለምንቀመጥ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ታክሲ ውስጥ አንዱ እየሳለ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ አይታችሁ ይሆናል። ጥቂት ጣት የምታስገባ ያህል እንኳ ክፈቱ።

በአረጋዊ ሰው ላይ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳትና ያለ ብዙ ሳል ሊመጣ እንደሚችል እወቁ። ትናንት ሲጫወቱ የነበሩ ሰው ዛሬ ምግብ ከጠሉ፣ ከደነዘዙ፣ የሚናገሩት ከተምታታ ወይም ትንፋሻቸው ከፈጠነ «የመንገድ ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት።

አብረዋችሁ የሚዞሩ ሕፃናት ካሉ ደግሞ ሲተኙ ወይም ዝም ሲሉ ትንፋሻቸውን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። የደረታቸው ሥር ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃታቸው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ከሰል መኝታ ቤት አይገባም

የዚያን ዕለት ማታ እህቴ ኮንዶሚኒየም ቡና ተፈልቶ ሁሉም ከሞቀው በኋላ አክስቴ የከሰል ማንደጃውን አንሥተው ወደ መኝታ ቤት ሲሄዱ አየሁ። «ጢሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ያሞቀናል» አሉ። ተቀብዬ ወደ ውጭ አወጣሁት።

አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እሳት ዳር ነው ያደሩት። ታዲያ እዚህ ምን ተለየ? የስማዳው ጎጆ በሣር ክዳኑና በግድግዳው ክፍተት ሁሉ ይተነፍሳል። እዚያም ጢሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ አየሩ ግን ይወጣል። የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ብረት በር፣ የመስታወት መስኮትና ስሚንቶ ነው። በሩ ሲዘጋ አየር መግቢያም መውጫም የለውም። የቀላ ፍም ጢስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፣ አያስነጥስም። ደሙ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የጉልበት መክዳት ከያዛቸውና ከሰል ካለ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። በርና መስኮት ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ ወደ ሆስፒታልም ውሰዷቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። ወተት ማጠጣት ይህን ጋዝ ከደም አያወጣም፤ ጊዜ ያባክናል፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ሊያንቀው ይችላል። ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ይበቃል። አክስቴ በዚህ ተኝተው ጠዋት «ከእሳቱ ይሻላል» ብለውኛል።

ከመጡበት መንገድ ጋር የሚመጣ ትኩሳት

አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባ እዚህ አይታሰበንም። እንግዳችሁ ግን በየት በኩል እንደመጣ ጠይቁ። የስማዳ ቆላዎች፣ የፎገራ ሜዳና ባሕር ዳር ወባ የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። የደጋ ሰው ደግሞ በሽታውን የለመደ ሰውነት የለውም፤ አንድ ሌሊት ማደር ይበቃዋል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ሳምንት በኋላ ይጀምራል፤ አንዳንዱ ዓይነት ከወራት በኋላም ይነሣል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ሳትሉ የደም ምርመራ አስደርጉ፤ ለሐኪሙም የመጡበትን መንገድ ንገሩት።

ተቅማጥና ትውከት ከጀመረ ደግሞ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ስጡ። ሽንት ከቀነሰ፣ ዓይን ከጎደጎደ ወይም ተቅማጡ እንደ ውኃ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ዋሽንግተን፣ ሲያትል ወይም ለንደን ሆናችሁ ወላጆቻችሁን ለምትቀበሉም ነገሩ ያው ነው፤ ርቀቱ ብቻ ይጨምራል። ከ4 ሰዓት በላይ በሆነ በረራ በየጊዜው ተነሥተው ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፤ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም ከመጣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይታይ። መድኃኒታቸው በእጅ ሻንጣ፣ ከነማዘዣው ይሁን። የጉዞ የጤና መድኅን ሳይነሡ ግዙላቸው።

እንዴት እንጠይቅ?

እንግዳን «ደኅና ነዎት?» ብሎ መጠየቅ «አዎ» የሚለውን መልስ በአፉ ማጉረስ ነው። ፍላጎቱን ራሳችሁ ላይ ጫኑት፤ እሱ አያፍርም፣ እናንተም እውነቱን ታገኛላችሁ።

• «ሽንት ቤት ይሂዱ?» አትበሉ። «ከመውጣታችን በፊት ሁላችንም እንሂድ» በሉ፤ እናንተም ሂዱ። ቦታ ስትመርጡ መጸዳጃ ቤት ያለበትን ምረጡ።
• «ደከመዎት?» አትበሉ። «እኔ ደክሞኛል፤ እዚህ ቁጭ እንበል» በሉ።
• «ውኃ ይጠጣሉ?» አትበሉ። ቀድታችሁ በእጃቸው ስጡ። ሐኪም የፈሳሽ መጠን የወሰነላቸው ከሆነ በዚያው ልክ።
• «መድኃኒት ወሰዱ?» አትበሉ። «ካርቶኑን ያሳዩኝ፣ ስንት እንደቀረ ልይና ልግዛ» በሉ።
• በቀን አንድ ቦታ ይበቃል። ዝናብ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት ውጡ፤ ለምሳ ተመለሱ።

አባቴ ክኒናቸውን ከጀመሩ በኋላ የእግራቸው እብጠት በሳምንቱ ጎደለ። አገራቸው ሲመለሱ በጋይንትና በአዲስ አበባ መካከል ስላለው ልዩነት ጎረቤት ጠየቃቸው አሉ። «እዚያ አገር ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ሽንት ቤት ይሄዳል» ብለው መለሱ። ሳቅኩ፤ የፈለግሁት ደግሞ በትክክል ይህንኑ ነበር።

ዘንድሮም በር የሚያንኳኳ እንግዳ አላችሁና ይህን ጽሑፍ ለእህት ወንድሞቻችሁ አካፍሉ። ወላጆቻችንን ጤነኛ አድርገን ተቀብለን፣ ጤነኛ አድርገን ለመሸኘት ያብቃን።

ጤና ይብዛላችሁ።